በኤሌክትሪክ ማጥፊያ ውስጥ ስለሚኖረው ጋዝ

ሰው በቤቱ መብራት ሲያጠፋ ከማብሪያው ውስጥ ጥቂት ብልጭታ ይታያል። በሸዋ ሮቢት እንዳለው ባለ ማከፋፈያ ጣቢያ ግን ኃይሉ እጅግ ብዙ ነውና መሥመሩ ሲቋረጥ ብልጭታው እንደ መብረቅ ሆኖ ዕቃውን ሊያቀልጠው ይችላል። ይህን እሳት ለማፈን በብዙ አገር በማጥፊያው መሣሪያ ውስጥ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የሚባል ጋዝ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ይኸውም ከድኝና ከፍሎሪን የተሠራ ነው። ሟሳንና ለቦ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. አገኙት።

ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። እንደ ተዘጋ ሲኖር መልካም አገልጋይ ነው፤ ካመለጠ ግን የምድርን ሙቀት እንደ ቡልኮ ይይዛል። 1 ኪሎው በ100 ዓመት ውስጥ የሚያመጣው ሙቀት 24 ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣውን ያህላል፤ ዝናምም አያጥበውም፥ ለብዙ መቶ ዓመታትም አይጠፋም። ስለዚህ በዚያው አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የኪዮቶ ውል እንዲቀነሱ ካዘዛቸው ጋዞች ጋራ ተቈጠረ።

ለእኛ የሚቀርበው ጕዳት ግን ሌላ ነው። ብረቱን ለመሸጥ ብሎ አሮጌ የጣቢያ ዕቃ የሚሰብር ሰው ጋዙን ይለቃል፤ ከአየር 5 እጥፍ ስለሚከብድ በጕድጓድና በቦይ ተኝቶ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ብልጭታ ያቃጠለውም መርዝ ይሆናል። እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ዕቃ ወድቆ ቢገኝ ልጆች እንዳይነኩት ከልክላችሁ ለመብራት ኃይል ሰዎች አስታውቁ፤ ጋዙ በባለሙያ እጅ በመሣሪያ ተስቦና ተጣርቶ ዳግመኛ ሊያገለግል ይችላልና።