ያልበራ መብራት ይመሰክራል? መኪና የቤንዚን ትነቱን እንዴት ይፈትሻል



በዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቢጫ የሞተር መብራት ካልበራች ብዙዎቻችን መኪናው ደኅና ነው ብለን እናልፋለን። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ደባርቅና ዳባት ውስጥ በዚህች መብራት መተማመን አይቻልም። ጉዳዩ የቤንዚን ትነት ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ትነቱ የት ይሄዳል?

ቤንዚን እሳት ሳይነካው፣ በተራ አየር ሙቀት እንኳ ይተናል። ናፍጣ እምብዛም ስለማይተን የዛሬው ጽሑፋችን የቤንዚን መኪኖችን ብቻ ይመለከታል። ድሮ ትነቱ በቀጥታ ወደ አየር ይለቀቅ ነበር። ይህ ደግሞ ነዳጅ ከማባከኑም በላይ በፀሐይ ብርሃን ከሌሎች ጋዞች ጋር ተዋሕዶ አየሩን ይበክላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1970 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ትነታቸውን እንዲይዙ አስገደደች።

ትነቱን የሚይዘው ከሰል ነው። መካኒኮች ሰልባቲዮ የሚሉት የነዳጅ ታንክ፣ ካኒስተር ከምትባል ከሰል የተሞላች ሣጥን ጋር በቱቦ ይገናኛል። መኪናው ሲቆም ትነቱ ከሰሉ ላይ ይጣበቃል። ሞተሩ ሲሠራ ኮምፒዩተሩ አንድ ቫልቭ ይከፍትና ሞተሩ ትነቱን ከከሰሉ ላይ ስቦ ያቃጥለዋል። ሌላ ቫልቭ ደግሞ ካኒስተሩን ከውጭ አየር ጋር ያገናኛል።

ቀዳዳው እንዴት ይታወቃል?

ጎሚስታ ዘንድ የተነፈሰ ጎማ ውኃ ውስጥ ይነከርና አረፋ የሚወጣበት ቦታ ይፈለጋል። የነዳጅ ታንክን ግን ውኃ ውስጥ መንከር አይቻልም። ስለዚህ መኪናው ራሱን በአየር ግፊት ይፈትናል። በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒዩተሩ የውጭ አየሩን ቫልቭ ዘግቶ በሞተሩ ስበት ከታንኩ አየር ያወጣል፤ ከዚያ ሁሉንም ይዘጋና ግፊቱን ይከታተላል። ግፊቱ ባለበት ከቆየ ታንኩ ድፍን ነው፤ ቶሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው ማለት ነው።

ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ የሚጠቀምበት ዘዴ ሌላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው ለ5 ሰዓታት ያህል ከቆመ በኋላ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ትነሣለች። መጀመሪያ በ0.5 ሚሊ ሜትር መመዘኛ ቀዳዳ አየር ስባ የምታገኘውን ግፊት ትመዘግባለች። ቀጥላ ከታንኩ ትስባለች። የታንኩ ግፊት ከመመዘኛው በታች ከወረደ ፈተናውን አለፈ፤ ካልወረደ ከመመዘኛው የማያንስ ቀዳዳ አለ። ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ሲያረጋግጥ መብራቷን ያበራል። በስካነር ሲነበብ ፒ 0455 ትልቅ፣ ፒ 0442 አነስተኛ፣ ፒ 0456 እጅግ አነስተኛ ማስተንፈስን ያመለክታሉ።

ደባርቅ ላይ ፈተናው ለምን ይቀራል?

ፈተናው በማንኛውም ሰዓትና ቦታ አይደረግም። ታንኩ በጣም የሞላ ወይም ባዶ ሊሆን የቀረበ ከሆነ፣ አየሩም በጣም ከሞቀ ወይም ከበረደ ይተላለፋል። ሌላው ቅድመ ሁኔታ ከፍታ ነው። የአሜሪካ ደንብ አምራቾች ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,440 ሜትር ገደማ በላይ ፈተናውን እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል፤ የቶዮታ ወሰን 2,400 ሜትር ነው። ዳባት 2,600 ሜትር፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ።

ደባርቅ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት 70 በመቶ ያህል ነው። ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ንፍሮም ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤንዚንም እንዲሁ በቀላሉ ይተናል። ትነቱ በታንኩ ውስጥ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ደኅናውን ታንክ ቀዳዳ አለው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አምራቾቹ በሐሰት ከመክሰስ ዝም ማለትን መረጡ።

የግፊቱን ልዩነት ለማየት ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ደባርቅ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑና የሊማሊሞን ቁልቁለት ውረዱ። ታች ስትደርሱ ፕላስቲኩ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ።

እንግዲህ ከደባርቅ የማይወጣ መኪና ክዳኑ ቢላላ፣ ቱቦው ቢሰነጠቅ መብራቷ ላትበራ ትችላለች። ከሰሉ ሥራውን ይሠራል፤ የቀረው ፈተናው ነው። ይህ ፈተና የተስፋፋው በአሜሪካ ሕግ አስገዳጅነት ስለሆነ፣ ለሌላ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ካኒስተር እያላቸው ፈታሹ ጭራሽ የላቸውም። በእነዚህ ደግሞ ጎንደርም ብንወርድ መብራቷ ስለ ትነት የምትነግረን የለም።

ምን እናድርግ?

- ክዳኑ ቀጭ እስኪል ይጠበቅ፤ ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር። በጠፋ ክዳን ምትክ ፌስታል ወይም ጨርቅ መወተፍ ትነቱን አያቆምም፤ ለእሳትም ያጋልጣል።
- ማደያ ላይ መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» አንበል። ፈሳሽ ቤንዚን ካኒስተሩ ውስጥ ከገባ ከሰሉን ያበላሸዋል።
- የቆመ መኪና አጠገብ ቤንዚን ከሸተተ መብራቷን አንጠብቅ። እሳትና ሲጋራ እናርቅ፤ መካኒክ እንጥራ።
- ፈታሽ ያለው መኪና ልንገዛ ከሆነ ታንኩን ግማሽ ያህል ሞልተን ጎንደር እናሳድረው። ጎንደር 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከፍታው ፈተናውን አይከለክልም። ጠዋት ስካነሩ የትነት ፈተናው «ተጠናቋል» የሚል ከሆነና ኮድ ከሌለ ውጤቱ ዋጋ አለው። «አልተጠናቀቀም» ካለ መኪናው ገና አልተመረመረም፤ ወይም ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የምንገበያየው እዚሁ ያረጁትን ነው። ለሻጭም ለገዥም ጉዳዩ የአማና ነው። ዐይቡን እያወቀ «መብራት የለበትም» ብሎ የሚሸጥ ሰው ያላጣራውን እየመሰከረ ነው፤ ኮድ አስጠፍቶ የሚሸጥማ ዐይቡን ሸሸገ። መብራቷ ያልበራችው ጉድለት ስለሌለ ነው ወይስ ፈተናው ስላልተደረገ? ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት ይህን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።