የተሸናፊ ዕዳ፤ የፍቅር ቃል

«እንቆቅልሽ» ሲባል ምላሹ «ምን አውቅልሽ» ነው። መፍቻው የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው አገር እየተደሰተ ተሸናፊውን ይዘልፋል። ይህ የልጅነት ጨዋታ ለባልና ለሚስትም የተገባ ነው፤ ነገር ግን ዘለፋው ቀርቶ ዕዳው የፍቅር ቃል ይሁን።

በኬንያዋ ሞያሌ ለሚኖሩ ጥንዶች አገር መስጠት ልዩ ትርጉም አለው። ከተማይቱን ወሰን ለሁለት ከፍሏታልና። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ጣቢያ ቢመርቁም ኬላው አልቀረም።

ስለዚህ የተረታ ባል፣ «አዲስ አበባንም ናይሮቢንም ብሰጥሽ ያንሳል፤ አገሬ አንቺ ነሽ» ይበል። የተረታች ሚስትም፣ «ኬላ የሌለበት አገር ልቤ ነውና እርሱን ውሰድ» ትበል። በአዘቦት ቀን እፍረት የሚያስቀረውን ቃል ጨዋታ ያስወጣዋልና፣ ሳይናገሩ ከማርጀት ተሸንፎ መናገር ይሻላል።