በስኳር ፋብሪካዎች ዓመታዊ ጥገና የመሣሪያዎች ጽዳት ቀድሞ ሊታቀድ ይገባል

በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ማምረት የጀመረው የኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ በክረምት ወራት የአገዳ ፍጭት አቁሞ ወደ ዓመታዊ ጥገና ይገባል። ዝናቡ ማሳውን ስለሚያጨቀይ በዚህ ወቅት አገዳ ማጓጓዝ አዳጋች ነው።

በጥገናው ዕቅድ ጽዳት እንደ ቀላል ሥራ ታይቶ ወደ መጨረሻ ሲገፋ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአገዳ ጭማቂ በማትነኛው ጋን ሲፈላ የካልሲየም ጨዎችና ሲሊካ በቱቦዎቹ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራሉ። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳይተላለፍ ስለሚያግድ ጭማቂውን ለማወፈር ተጨማሪ እንፋሎት፣ ለእንፋሎቱም ተጨማሪ ማገዶ ያስፈልጋል። የከፋው ደግሞ ጉዳትን መሸፈኑ ነው። የተሰነጠቀ ወይም በዝገት የሳሳ ቱቦ በሚገባ የሚታወቀው ጋኑ ከታጠበና በውኃ ግፊት ከተፈተሸ በኋላ ነው። ፍተሻው ፍጭት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቢካሄድ መለዋወጫ ከውጭ አዝዞ ለማስገባት ጊዜ አይኖርም። የደረሰው አገዳ ማሳ ላይ ይቆያል፤ የአገዳ አብቃይ ገበሬዎች ክፍያም ይዘገያል።

በመሆኑም የኮስቲክ ሶዳና የመከላከያ አልባሳት ግዥ ፍጭቱ ሳይቆም መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሠራተኛ ወደ ጋኑ ከመግባቱ በፊት የእንፋሎትና የጭማቂ መስመሮቹ ተዘግተው መቆለፋቸው፣ የውስጡም አየር ተለክቶ ለመተንፈስ ተስማሚ መሆኑ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሰዓታት የሚወስድ በመሆኑ በጊዜ ሰሌዳው ራሱን የቻለ ቦታ ያሻዋል። ያገለገለው ኬሚካል ሳይጣራ ወደ አዋሽም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ መለቀቅ ስለሌለበት፣ ማቆያ ገንዳው ጽዳቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ዝግጁ መሆን ይገባዋል።