የዲናሞ ገመዶች

አንድ የኪራይ ትራክተር ቀበሌያችን መጥቶ ሁለት ቀንና ሌሊት አረሰ። በሦስተኛው ጧት አልነሣም አለ። ባትሪው ባዶ ሆኗል። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፤ ገና ያልታረሰ መሬት አለ። ሹፌሩ፣ «ዲናሞውን በቅርብ ቀይሬዋለሁ፤ መብራቱም ሲበራ ነበር» እያለ ይምላል። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ አዛውንት ጎንበስ ብለው ዲናሞውን በጨርቅ ጠረጉና፣ «ልጄ፣ እዚች ላይ ‘ተ’ ተጽፋለች፤ ገመድ ግን የለባትም» አሉኝ። እውነትም ‘ተ’ ትመስላለች። የመደመር ምልክት ናት።

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው። ኤሌትሪክ ይይዛል እንጂ ከራሱ አያመነጭም። ጎተራውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ሞተሩ ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ ያሽከረክረዋል። በመካከሉ የሚዞር መግነጢስ አለ፤ በዙሪያው የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። መግነጢሱ ሲዞር በሽቦው ውስጥ ኤሌትሪክ ይነሣል። ይኸ ኤሌትሪክ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ ለባትሪ አይስማማም። ስለዚህ ዲዮድ የሚባሉ ትንንሽ ዕቃዎች እንደ በር ሆነው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉታል።

የዚህ ዕቃ ትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ነው። ዲናሞ የድሮው ዓይነት ስም ነው፤ እሱ ሞተሩ ቀስ ሲል ኃይሉ ይደክም ነበር። ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ቫሊያንት በሚባለው መኪናው ላይ አልተርኔተር ገጠመ፤ ሌሎቹም በየጊዜው ወደዚሁ ዞሩ። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ዲናሞ እንደተባለ ቀረ። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

አሁን ጀርባውን እንይ። ገመድ የሚታሠርባቸው ብሎኖች አሉ፤ ባጠገባቸው የፈረንጅ ፊደል ተቀርጿል።

ከሁሉ የሚወፍረው ብሎን ‘ቢ’ ነው። ‘ቢ’ ማለት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ሆኖ በቀኙ ሁለት ሆድ ያወጣ ፊደል ነው። ወፍራሙ ገመድ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሄዳል። ተጠንቀቁ! የመኪናው ቁልፍ ቢዘጋም እንኳ በዚህ ብሎን ላይ ኤሌትሪክ አለ። መፍቻው ይኸን ብሎንና የሞተሩን ብረት ባንድ ጊዜ ከነካ እሳት ይረጫል፤ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል።

ቀጭኑ ገመድ የሚታሠረው ‘ዲ’ ላይ ነው። ‘ዲ’ አንድ ዘንግና አንድ ሆድ ብቻ አላት፤ ባጠገቧ ‘ተ’ የመሰለችው ምልክት አለች። በብዙ የጃፓን መኪኖች በሷ ፋንታ ‘ኤል’ ይጻፋል፤ እሷም ቆማ እግሯን ወደ ቀኝ የዘረጋች ናት። የዚህ ገመድ ሥራ ምን መሰላችሁ? እርሾ ማቀበል ነው። ቅድም መግነጢስ ያልኩት ብረት ጥቂት ኤሌትሪክ ካልደረሰው በደንብ መግነጢስ አይሆንም። ቁልፉ ሲከፈት ከባትሪው ጥቂት ኤሌትሪክ ይነሣል፤ ከመሪው ፊት ባለችው ቀይ መብራት በኩል አልፎ ‘ዲ’ ይገባል። ያን ጊዜ መብራቷ ትበራለች። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲያመነጭ ግን በመብራቷ ወዲያና ወዲህ ያለው ኃይል እኩል ይሆናል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት በሬዎች ገመድ ቢጓተቱ ገመዱ ወዴትም አይሄድም፤ መብራቷም ትጠፋለች።

የኛ ሹፌር የሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑን ገመድ ከሞተሩ ብረት ጋር አስሮታል። መብራቷ ቀን ከሌት በራች፤ እሱ «ይሠራል» አለ። ሞተሩ እየሠራ መብራቷ ከበራች ግን ባትሪው አይሞላም ማለት ነው። ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ያለ ባትሪ ስለሚሄድ ነገሩ ቶሎ አልታወቀውም። ቁልፉ ተከፍቶ መብራቷ ጭራሽ ካልበራችም ጥሩ አይደለም፤ አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል፤ እርሾው አይደርስም።

በናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ የኛን ‘ሠ’ የምትመስል ‘ደብልዩ’ አለች። እሷ የሞተሩን ዙር ለሚቆጥረው ሰዓት ናት። ሰዓቱ ከሌለ ባዶዋን ትተዋለች።

መለኪያ ያለው ሰው በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ይሞክር። ባትሪው ሞልቶ ሞተሩ ሲቆም 12.6 ያህል፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ያህል ያሳያል። አንዳንዱ ለመሞከር ሲል ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። ይኸ ዲዮዶቹን ያቃጥላል።

ፊደሉ በዘይትና በጭቃ ጠፍቶ ከሆነስ? አሮጌው ዲናሞ ሳይፈታ የትኛው ገመድ ከየትኛው ብሎን እንደወጣ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በየገመዱም ላይ ምልክት እሠሩ። ቀለሙን አትመኑ፤ ቀድሞ የጠገነው ሰው ያገኘውን ሽቦ ቀጥሎበት ይሆናል።