የፖሊስ መዝገብ ሲወፍር፦ ተረቱና እውነታው

የተደበደበች ሴት ፖሊስ ጣቢያ ደርሳ «የቤታችሁን ገመና እቤታችሁ ጨርሱ» ተብላ ስትመለስ መዝገቡ ላይ አንዲት መስመር አይጻፍም። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ባዶ ገጽ «አካባቢው ሰላም ነው» ተብሎ ይነበባል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ ባዋለችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ የእኛን ቀበሌ ከሚመስሉት የመንደር ምክር ቤቶቿ (ፓንቻያት) መቀመጫ ቢያንስ ሲሶውን ለሴቶች ሰጠች። ገጹም ይሞላ ጀመር።

ተረት፦ ሴቶች ሲመረጡ በሴቶች ላይ የሚደርሰው ወንጀል ባሰ።
እውነታ፦ የበዛው አቤቱታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአራት የኢኮኖሚ ምሁራን ጥናት፣ የተመዘገበው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በ46 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። የሴቶች ግድያ ግን እንዲያ አልጨመረም። ድብደባ በዝምታ ይዋጣል፤ ሬሳ ግን አይደበቅም። ወንጀሉ ራሱ ብሶ ቢሆን ግድያውም አብሮ ይጨምር ነበር።

ተረት፦ የመንደር ምክር ቤት ፖሊስን አያዝም፤ ታዲያ ምን ይፈይዳል?
እውነታ፦ በህንድ ፖሊስ የሚታዘዘው ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው፤ ይህ ልክ ነው። ተመራጯ ግን የተበዳይዋ ጎረቤት ናት። ብቻዋን የመጣችን ሴት «ነገ ነይ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ «ለምን አልመዘገባችሁም?» የምትል የሕዝብ ተመራጭ አጠገቧ ስትቆም ግን ይከብዳል። በዚያው ጥናት የተያዙ ተጠርጣሪዎችም በ31 በመቶ ጨምረዋል።

ተረት፦ ተመራጮቹ ለስም ናቸው፤ የሚወስነው ባል ነው።
እውነታ፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ሰምተን ላደግን ይህን ማመን አይከብድም። ህንድ ውስጥም በሚስቱ ወንበር የሚያዝ ባል «ሳርፓንች ፓቲ» (የሊቀ መንበሯ ባል) እስከ መባል ደርሷል። ቻቶፓድያይና ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላም ያሳያል፦ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን ሴቶች የሚመሯቸው ምክር ቤቶች፣ ሴቶች አጥብቀው ለሚጠይቁት ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ሠርተዋል። ባል ብቻ ቢወስን ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ተረት፦ ላይ አንዲት ጠንካራ ሴት ብትቀመጥ ይበቃል።
እውነታ፦ በ2012ቱ ጥናት ለውጡ ጎልቶ የታየው ሴቶች በመንደር ደረጃ በብዛት ሲገቡ ነው፤ በዲስትሪክት ደረጃ ሊቀ መንበርነት ብቻውን ያን ያህል አልሠራም። የተደበደበች ሴት በሌሊት የምታንኳኳው የቅርቡን በር ነውና።

ስለዚህ «አቤቱታ ጨመረ» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ተመራጮቹን ለመውቀስ አንቸኩል። አስቀድመን እንጠይቅ፦ ከዚያ በፊት ስንቷ ሴት ሳትመዘገብ ወደ ደብዳቢዋ ቤት ተመለሰች?