ሰውየውን ሳይጠይቁ መጽሐፍ መጠቆም

«ምን ላንብብ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያስደስተኛል፤ ያስጨንቀኛልም። መጽሐፍ በሳንቲም የሚከራይበት ዘመን አልፏል። ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብወለድ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ዛሬ የብዙ ቀን ምሳ ዋጋ ነው። ሰውየው በኔ ቃል ገዝቶ ሃያኛው ገጽ ላይ ቢያቆመው ብሩም ይቆጨዋል፣ «ይሄ ነገር ለኔ አይሆንም» ብሎም በሩን ይዘጋዋል። የተዘጋ በር ደግሞ መልሶ ለመክፈት ያስቸግራል።

ነገሩ ሳይንሳዊ ልብወለድና ፋንታሲ ጋ ሲደርስ ይብሳል። «የልጅ ነገር ነው»፣ «የፈረንጅ ቅዠት»፣ «እኔ ውሸት አላነብም» የሚሉ መልሶች ቀድመው ይጠብቋችኋል። እኛ የዘርፉ ወዳጆች ደግሞ ጭራሽ ከሁሉ ይበልጣል ከሚባለው መጽሐፍ እንጀምራለን። አንድ ጓደኛዬ ለእህቱ የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ሰጣት። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ፣ በዘርፉ አንቱ የተባለ ሥራ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ የማይታወቁ ስሞችና ቃላት ይዘንባሉ፤ መጨረሻው ላይ የራሱ መፍቻ አለው። እህቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጥሩ ነው» ብላ መለሰችለት። «ጥሩ ነው» ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ጠይቃው አታውቅም። የሚገርመው፣ «ዱን» ራሱ ከሃያ በላይ አሳታሚዎች የመለሱት፣ በመጨረሻም በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቅ ድርጅት ያተመው ሥራ ነው። መጽሐፍም የሚሆነውን ሰው እስኪያገኝ ይንከራተታል።

እኔ የምለው፣ ከመጽሐፉ በፊት ሰውየውን እንጠይቅ። «ሳይንሳዊ ልብወለድ ትወዳለህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። «ልጅ ሆነህ የሰማኸው፣ እስካሁን ያልለቀቀህ ታሪክ ምንድነው?» ማለት ይሻላል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ለፋንታሲ ምኑም እንግዳ አይደለም።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አሮጌ መጽሐፍ ስንፈልግ የተዋወቅን ጥቂት ሰዎች አለን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማኪያቶ ይዘን እንቀመጣለን፤ መጽሐፍ እንለዋወጣለን። ይህን ጥያቄ የሞከርኩት እነሱ ላይ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። «አያቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር ታስጠነቅቀኝ ነበር» አለች። ስምሽን የያዘ ጠንቋይ ያስርሻል እየተባለች ነው ያደገችው። ለእሷ የሚሆነው መጽሐፍ ወዲያው መጣልኝ፤ የኡርሱላ ለጉዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ»፣ እ.ኤ.አ. 1968። በዚያ የደሴቶች ዓለም ማንኛውም ነገር እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ያዘዋል። ሰውም እውነተኛ ስሙን የሚነግረው ነፍሱን ለሚያምነው ብቻ ነው። ፍየል ጠባቂ የነበረው ልጅ አስማት ሊማር ሄዶ፣ በትዕቢቱ አንድ ጥላ ወደ ዓለም ይለቃል፤ ጥላው ያሳድደዋል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ልጁ መልኩ ጠይም ነው፤ የልብ ጓደኛው ጥቁር ነው። ሒሳብ ሠራተኛችን መጽሐፉን ስትመልስ «ይሄንን እኮ አያቴ ታውቀዋለች!» አለች።

ሌላው ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት ያሳለፈ፣ ዛሬ ኮምፒውተር የሚጠግን ነው። ለእሱ የዋልተር ሚለርን «ኤ ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ» ሰጠሁት። ዓለም በኒውክሌር ጦርነት ከጠፋች በኋላ የተረፈው ሕዝብ በቁጣ ምሁራንን ይገድላል፣ መጽሐፍ ያቃጥላል። በረሃ ውስጥ ያሉ መነኮሳት ግን የተረፈውን ይደብቃሉ፣ ትርጉሙ ሳይገባቸው ይገለብጣሉ። አንዱ መነኩሴ የኤሌክትሪክ ንድፍ አግኝቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ በወርቅ ቅብ አስጊጦ ሲገለብጠው ዓመታት ይፈጃል። ጓደኛችን እዚህ ጋ ሲደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እንደነበር ነግሮናል፤ ቀጥሎ ደግሞ ዝም አለ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ ያቆዩልንን አባቶች አስታወሰው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ አይደል? ሄኖክ ለአማኙ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ ከልብወለድ ጋር እያወዳደርኩት አይደለም። የምለው፣ መጽሐፍን ከጥፋት ስለማትረፍ የሚናገር ታሪክ ለኛ ሩቅ አይደለም ነው። ሚለርም ከሩቅ ሆኖ አልጻፈውም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ጥንታዊው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲደበደብ ከአውሮፕላኖቹ በአንዱ ላይ ነበር።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህራችን ግን አስቸገሩኝ። «እኔ የተፈጸመ ነገር ነው የምወደው» አሉ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ይቺን ይሞክሯት» ብዬ የኦክታቪያ በትለርን «ኪንድረድ» ሰጠኋቸው፤ እ.ኤ.አ. 1979። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ደራሲ በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። በዚያ ባሪያ አሳዳሪ የሆነውን የገዛ ቅድመ አያቷን ከሞት ማዳን አለባት፤ እሱ ከሞተ የእሷ ዘር አይኖርም። ወደ ኋላ የሚወስድ መኪና የለም፣ ቀመር የለም፤ ትሄዳለች፣ በቃ። መምህራችን «ይህ ታሪክ ነው እንጂ ልብወለድ አይደለም» ብለው ተከራከሩኝ። እኔም አልተቃወምኩም፤ አንብበውታላ!

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አንዷ ነርስ ናት። ቤተሰቧ በግጭት ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ነው። የበትለርን «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» ሰው እጅ አይታ ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ይህ መጽሐፍ ታሪኩን የሚጀምረው በ2024 ነው። አገር ፈርሷል፤ ውኃ ውድ ነው፤ አንዲት ልጅ ሰፈሯ ተቃጥሎ፣ ቤተሰቧን አጥታ፣ አስቀድማ ያዘጋጀችውን ቦርሳ አንግባ አውራ ጎዳናውን ይዛ በእግሯ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «አሪፍ ነው፣ ውሰጂው» ብሎ መስጠት ይቻላል? እኔ አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ምን እንዳለበት ነገርኳት፦ እሳቱን፣ የመንገዱን ግፍ፣ የልጆቹን ነገር። «ከፈለግሽ ይቆይ» አልኳት። አሰበችና «ስጠኝ» አለች።

ከወር በላይ ቆየባት። ስትመልስ ስለ ታሪኩ ብዙ አልተናገረችም። «ቦርሳውን ማዘጋጀቷን ወደድኩት፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች» ብቻ አለች። ማንም ተጨማሪ አልጠየቃትም። መጽሐፍ ጠቋሚ እዚህ ላይ ነው ኃላፊነት ያለበት። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ የሚያመጣውን ነገር ጭምር ይናገራል፤ እኛም ማለት የምንችለውን ያህል እንበል፤ ምርጫውን ግን ለሷ እንተው።

የመጨረሻው የታክሲ ሹፌር ነው፤ የሚያነበው በአማርኛ ብቻ ነው። «የናንተ ነገር ሁሌ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ወቀሰን፤ እውነቱን ነው። ከጠቀስኳቸው አብዛኞቹ በየመደርደሪያው በአማርኛ አይገኙም፤ ትልቁ ችግራችን ይሄ ነው። እሱ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ቀድሞ ጨርሶታል። ታዲያ እኔ የጠቆምኩት የቆየ ነገር ነው፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 የጻፈውን «ራስላስ»። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። አገሩ በደራሲው ምናብ የተሣለች ሐበሻ ናት። እዚያ ውስጥ ክንፍ ሠርቼ እበራለሁ የሚል ብልሃተኛ አለ። ሰውየው ጥበቡን ለማንም እንዳይነገር ይለምናል፤ ክፉዎች ከሰማይ መምጣት ከጀመሩ ደጋጎች የት ይሸሸጋሉ የሚል ስጋት አለውና። ከገደል ጫፍ ሲዘል ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ያልሠራው ክንፍ ውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል። ይህ የተጻፈው ፈረንሳይ ውስጥ ፊኛ ሰው ይዞ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ 24 ዓመት በፊት ነው። ሹፌራችን ምዕራፉን አንብቦ «ስለ ድሮን ነዋ የሚያወራው!» አለ። በዘርፉ ላይ ከሰማኋቸው ትችቶች እንደዚህ አጭርና ትክክለኛ አላውቅም።

እንግዲህ መጽሐፍ ልትጠቁሙ ስትነሱ ጥቂት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሰውየው የሚወደውን ታሪክ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ርዝመቱንና የቋንቋውን ክብደት ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ለጀማሪ አንድ መቶ ገጽ የማትሞላዋ የነዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» ከስድስት መቶ ገጽ ትሻላለች። ሦስተኛ፣ የሚያሳምም ነገር ካለው አስቀድማችሁ ንገሩ። አራተኛ፣ ሠላሳ ገጽ አንብቦ ካልጣመው እንዲተወው ፍቀዱለት፤ እናንተም አትቀየሙ። መጽሐፉ በአማርኛ ከሌለ ደግሞ ታሪኩን ቁጭ ብላችሁ አውሩት። ተረት የደረሰን በአፍ አይደል?

ነርሷ ባለፈው ቅዳሜ ስትመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዋን ይዛ መጣች። ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ «ምን ላንብብ?» አለች። ነርሷ ቀደመችኝ፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅሽ» አለቻት።