ሳይዘጋ የሚቀር የደም ሥር

አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ ደህና ይመስላል። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ጡት ሲጠባ ይደክመዋል፤ ግንባሩን ያልበዋል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ እንደ እኩዮቹም አይወፍርም። ይህን ያየ አንዱ ጎረቤት «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። ሌላው «እናቲቱ እርጉዝ ሳለች ከባድ ሸክም ተሸክማ ነው» ይላል። እናት ታለቅሳለች፤ ጊዜም ያልፋል።

እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ምክንያት ግን በሕፃኑ ልብ አጠገብ የሚገኝ፣ መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ የቀረ አጭር የደም ሥር ነው።

ለመሆኑ ይህ የደም ሥር ምን ይሠራል? ጽንስ በማሕፀን ሳለ አየር አይተነፍስም። ኦክሲጅን የሚባለውን ለሕይወት አስፈላጊ አየር የሚያገኘው ከእናቱ ደም፣ በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ነው። ሳንባው ገና ሥራ ስላልጀመረ ብዙ ደም አያስፈልገውም። ስለዚህ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ትልቅ የደም ሥር ወደ ሰውነት ከሚሄደው ትልቅ የደም ሥር ጋር የሚያገናኝ አጭር ቦይ አለ። ብዙው ደም በዚህ ቦይ አቋርጦ ሳንባን ትቶ ያልፋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሁላችንም በማሕፀን ሳለን ይህ ቦይ ነበረን።

ሕፃኑ ተወልዶ ሲያለቅስ ነገሩ ይለወጣል። ሳንባው በአየር ይሞላል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይጨምራል። ከእንግዴ ልጁ እየመጣ ቦዩን ክፍት ያደርግ የነበረው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ በቦዩ ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ቦዩም አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ፈጽሞ ይደፈናል። ገበሬ ማሳው ውሃ ጠጥቶ ሲበቃው ቦዩን በአፈር እንደሚደፍነው ማለት ነው።

ሳይዘጋ ቢቀርስ? ወደ ሰውነት መሄድ ከሚገባው ደም ከፊሉ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይጎርፋል። ሳንባ ደም ይበዛበታል፤ ልብም የጎደለውን ለመተካት ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ቦዩ ጠባብ ከሆነ ልጁ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሰፊ ከሆነ ግን ልጁ ይደክማል፤ ክብደት አይጨምርም፤ የሳንባ ምች ይመላለስበታል።

ታዲያ ለምን ሳይዘጋ ይቀራል? አንደኛ፣ ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን የቦዩ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ሁለተኛ፣ እናቲቱን በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት ሩቤላ የሚባለው ሽፍታ የሚያወጣ ተላላፊ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት ከዘር የሚወረስ ነው።

ጤፍ ሲዘራ ጤፍ፣ ገብስ ሲዘራ ገብስ ይበቅላል። በዘሩ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚበቅል የሚያዝ መልእክት አለ። በሰውም እንዲሁ ነው። ይህ መልእክት በራሂ ይባላል። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። የደም ሥር ጡንቻም የሚሠራው በበራሂ ትእዛዝ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ተመራማሪዎች ይህ ሕመም የሚደጋገምባቸውን ቤተሰቦች መርምረው አንድ ነገር አገኙ። የደም ሥር ጡንቻ የሚኮማተርበትን ንጥረ ነገር የሚያሠራው በራሂ ተበላሽቶ ነበር። መኮማተር ያቃተው ጡንቻ ቦዩን እንዴት ይዘጋል?

እንዲህ ያለ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። በአብዛኛው ብዙ ትንንሽ ምክንያቶች ተደራርበው ነው ቦዩ ሳይዘጋ የሚቀረው። አንድ ልጅ ይህ ሕመም ቢኖርበት፣ እንዲህ ካሉ ልጆች 100 ወንድሞችና እህቶች መካከል ሕመሙ የሚገኘው በ3ቱ ገደማ ነው። በራሂን ማንም መርጦ ለልጁ አይሰጥም። ስለዚህ እናትንም አባትንም መውቀስ አይገባም። የእርግማን ምልክትም አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ሕመም የሚድን መሆኑ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ዶክተር ሮበርት ግሮስ የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ደረት ከፍተው ቦዩን በክር አሰሩት። ልጅቱም ዳነች። ዛሬ ብዙ ጊዜ ደረት መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ሐኪሞች በጭን የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ቦዩን በትንሽ መክደኛ ይደፍኑታል። በአገራችንም የልጆች ልብ ሕክምና በአዲስ አበባ ይሰጣል።

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ጎርፉ ለዓመታት ከቀጠለ በሳንባ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍራል፤ ይጠባሉ። ያን ጊዜ ቦዩን መዝጋት ሊጠቅም ቀርቶ ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ልጃችሁ ሲጠባ ቢደክመውና ቢያልበው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ክብደት ባይጨምር ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ባለሙያው ደረቱን በማዳመጫ ሲያዳምጥ፣ ደሙ በቦዩ ሲያልፍ የሚያሰማውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ከዘመድ መካከል በልብ ሕመም የተወለደ ልጅ ካለ እሱንም ንገሩት። እርጉዝ ሴትም የጤና ክትትል ታድርግ፤ ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት አትውሰድ። ጎረቤትም እናቲቱን ከማማት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሸኛት። ልጁን የሚጠቅመው ይህ ነው።